የአባቴን የክርስትና ስም ፍለጋ

አባቴ የሞተ ዕለት ቄሱ አንድ ነገር ጠየቁን፤ የሚመልስ ሰው ግን ጠፋ። አስከሬኑ ተገንዞ ሳሎኑ መሐል ነበር። ፍትሐት ሊጀመር ሲል ቄሱ መጽሐፋቸውን እንደያዙ ጠጋ አሉኝና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ስመ ክርስትናው ማን ነው?» አሉኝ።

ወንድሜን አየሁት። ከሳንጃ ገና መድረሱ ነበር፤ የሐምሌ ጭቃ ጫማው ላይ አልደረቀም። እሱም መልሶ አየኝ። እናታችን ብትኖር እሷን እንጠይቅ ነበር፤ ከሞተች ግን ስድስት ዓመት ሆኗታል። የአባቴ የንስሐ አባት የነበሩት ሽማግሌ ቄስ አምና ዐርፈዋል። እኒህኛው በሳቸው ቦታ የተተኩ ናቸው፤ አባቴን እምብዛም አያውቁትም።

«አናውቀውም፣ አባ» አልኩ።

ከኋላዬ የተቀመጡት የዕድር ሴቶች ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። ቄሱ ግን አልተቆጡም። «ለጊዜው በዓለም ስሙ እንጠራዋለን» አሉ። «እስከ አርባው ፈልጋችሁ አምጡልኝ። እዚያ የሚጠራው በዚያኛው ስም ነው።»

በዚያ ሳምንት ካለቀስኩት ለቅሶ ሁሉ ይበልጥ የከነከነኝ ይኸ ነው። እናቴ ከሞተች ጀምሮ አባቴን የማስተዳድረው እኔ ነበርኩ። ሻዩን በስንት ስኳር እንደሚጠጣ፣ የትኛው ጉልበቱ ብርድ እንደማይችል፣ የትኛውን ሸሚዝ ለቤተ ክርስቲያን እንደሚያስቀምጥ ዐውቃለሁ። ካህን በእግዚአብሔር ፊት የሚጠራበትን ስሙን ግን አላውቅም። ጠይቄው እንኳ አላውቅም።

እዚህ ላይ የማንንም ስም አልጽፍም። የአንዳንዱ ሰው ስም የማን እንደሆነ እኔም እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የመንግሥት ጋራዥ መካኒክ ነበር። እጁ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፤ ጽሕፈቱ ግን የቤተ ክህነት ሰው ጽሕፈት ነው። ፊደሉን ያስቆጠሩትና ያሳደጉት አጎቱ ናቸው፤ ጎንደር ካሉት አድባራት በአንዱ መሪጌታ ነበሩ። እኔ ሳልወለድ ስለሞቱ አላየኋቸውም። አባቴ ስለ ትውልድ አገሩ ሲጠየቅ «ከወዲያ፣ ከደጋው» ይልና ወሬውን ወደ ሌላ ይወስደዋል። ዘመድ ሊጠይቅ ሲሄድ አይተነው አናውቅም። ቤታችን የሚመጡት ዘመዶች ሁሉ የእናታችን ወገን፣ የኮላ ድባ ሰዎች ናቸው፤ ጤፍ ጭነው ይመጣሉ፣ ሳቅና ጫጫታ ይዘው ይመጣሉ። በአባቴ በኩል በራችንን ያንኳኳ ሰው አልነበረም።

አንድ ነገር ላይ ግን ግትር ነበር። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየቀበሌው፣ የአባቱ ስም በሚጻፍበት ቦታ ሁሉ ከጸሐፊው ራስ በላይ ቆሞ፣ «በንጉሡ ሠ ነው፣ በእሳቱ ሰ አይደለም» ይላል። ጸሐፊዎቹ ይሰለቹታል። በልጅነቴ አብሬው ስሄድ አፍር ነበር።

እኔም ኋላ ጸሐፊ ሆንኩ። የምሠራው ዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ፣ የተማሪዎች መዝገብ ክፍል ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ስም እጽፋለሁ፣ ስም አመሳክራለሁ። አንድ ፊደል ከተለየ «ፍርድ ቤት ሄደሽ አስወስኚ» ብዬ እመልሳለሁ። ስንቷን ልጅ በአንድ ፊደል መልሻት ይሆን? ያኔ እንደ ሥራ ነበር የማየው።

ከሠልስቱ በኋላ የአባቴን ወረቀቶች አወረድኩ። የሚያኖራቸው በአሮጌ የፍሬን ሸራ ካርቶን ውስጥ ነበር። ወለሉ ላይ ዘርግቼ እንደ መሥሪያ ቤት ፋይል አመሳከርኳቸው። መታወቂያው ላይ የአያቴ ስም በእሳቱ ሰ ነው። የጡረታ ደብተሩ ላይ በንጉሡ ሠ ነው። የሆስፒታል ካርዱ ላይ በሸ ነው፤ የጻፈው ሰው በደንብ አልሰማም መሰለኝ። በእንግሊዝኛ የተጻፉት ሁለት ወረቀቶች እርስ በርሳቸው አይስማሙም። የኔ ዲግሪና የወንድሜ ንግድ ፈቃድ ላይ እንኳ የአያታችን ስም ሁለት ዓይነት መሆኑን ያን ቀን ነው ልብ ያልኩት።

ከሁሉም በታች የተማሪ ቤት ካርዱን አገኘሁ። መምህሩ በእሳቱ ሰ ጽፎት ነበር፤ ሌላ እጅ በቀለም ሰርዞ በንጉሡ ሠ አድርጎታል። የልጅ እጅ ነው። የትውልድ ቦታ በሚለው ላይ «ወገራ» ይላል። መታወቂያው ግን «ጎንደር» ነው የሚለው። የዕድሜ ቁጥሩ ግን ከመታወቂያው ጋር አንድ ነው። አባቴ ጡረታ የወጣ ሰሞን «መንግሥት ሦስት ዓመት አስቀድሞ አሳረፈኝ» እያለ ይስቅ ነበር፤ ቀልድ ነበር የመሰለን።

አጎቱ ያገለግሉበት ወደነበረው ደብር ሄድኩ። በዕድሜ የገፉ የዜማ መምህር አገኘሁና መሪጌታው ከየት አገር እንደመጡ ጠየቅኳቸው። አላመነቱም፤ ከዳባት ወጣ ብሎ ያለ አንድ አጥቢያ ነገሩኝ። «የአባትሽን ስመ ክርስትና ግን እኔ አላውቅም» አሉ። «አንድ ቀን ሲቆርብ አላየሁትማ። ማኅሌት ሲቆም ግን ከውጭ ቆሞ ያዳምጥ ነበር።»

አርባው ነሐሴ ላይ ዋለ። የዳባት መንገድ በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ሳምንት ይዘጋል። ወንድሜ «ብቻሽን እንዳትሞክሪው» አለኝ። አርባው በዓለም ስሙ ተደረገ። ቄሱ ምንም አላሉኝም፤ እኔ ግን ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

ኅዳር ላይ መንገዱ ትንሽ ሰላም ሲሆን ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። እስከ ዳባት በሚኒባስ፣ ከዚያ እስከሚያስኬድ በባጃጅ፣ የቀረውን በእግሬ ሄድኩ። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፤ ጥላ ያለበት ቦታ ሁሉ ውርጩ አልለቀቀም። ነጭ ሽንኩርት በአህያ የጫኑ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ።

«አያ፣ እንደምን አደሩ» አልኳቸው።

«እግዚሃር ይመስገን። ምነው ብቻሽን፣ ልጄ?»

የአያቴን ስም ነገርኳቸው። ይኸን ስም በየወረቀቱ ስጽፈው ኖሬአለሁ፤ የሚያውቅ ሰው ፊት ስጠራው ግን የመጀመሪያዬ ነው። ሽማግሌው አህያውን አቆሙ።

«እሱማ ሞቶ አፈር ሆኗል። ሴት ልጁ ግን አለች፤ መንኩሳለች። ቤቷ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው፤ ነይ ላድርስሽ።»

አባቴ እኅት እንዳለችው የሰማሁት እንደዚህ ነው፤ መንገድ ላይ፣ ከማላውቀው ሰው።

መነኩሲቷ ከቤታቸው ግድግዳ ሥር ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍላሉ። ትንሽ ሰው ናቸው፤ ቆባቸው ከፊታቸው ይበልጣል። ሽማግሌው «እማሆይ፣ እንግዳ አመጣሁልዎ» ብለው ከአጥሩ አጠገብ ቆሙ። እኔ ጉልበታቸውን ስሜ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።

የአባቴን ስም ከነአባቱ ነገርኳቸው። እጃቸው ባቄላው ላይ ቆመ።

«የማ?»

ደገምኩላቸው።

«እሱማ ሞቷል፣ ልጄ» አሉኝ በረጋ ድምፅ። «ድሮ ነው የሞተው። የወተት ጥርሱን ሳይጨርስ ነው የሞተው። ልጅ አልወለደም።»

ቤት የተሳሳትኩ መሰለኝ። ወዲያው ደግሞ የአያቴን ስም ሌላ ሰውም ሊይዘው ይችላል ብዬ አሰብኩ። ከቦርሳዬ የአባቴን ፎቶ አወጣሁ፤ ጋራዡ በር ላይ በሰማያዊ ቱታ የተነሣው ነው። ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ ወደ ብርሃኑ አዘነበሉት፣ አራቁት፣ እንደገና አስጠጉት። ብዙ ቆዩ። ከዚያ አንድ ስም ጠሩ። የአባቴ ስም አይደለም። አጭር ስም ነው፤ ቤታችን ውስጥ ተጠርቶ አያውቅም።

«ይኸማ እሱ ነው» አሉ። «ታናሼ ነው። አፍንጫውን እይው፣ የእናታችን አፍንጫ። ከየት አገኘሽው? ሸጋ ነው? ደኅና ነው?»

በዚያች ሰዓት ነው የገባኝ። ስም ልጠይቅ መጣሁ ብዬ ነበር፤ ለካ መርዶ ይዤ ኖሯል የመጣሁት። በአገራችን መርዶ የሚነገረው በሽማግሌ ነው፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው፣ ልብ ተዘጋጅቶ ነው። እኔ ብቻዬን ነኝ፤ የማረዳቸው ሴት ማን እንደሆኑ እንኳ ገና ማወቄ ነው። ዞሬ ሽማግሌውን አየኋቸው።

ከአጥሩ አጠገብ የነበሩት ሽማግሌ ገባቸው። ዱላቸውን አስደግፈው፣ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው መጡና ከፊታቸው ቆሙ።

«እማሆይ» አሉ፤ «ይበርቱ።»

ሌላ ነገር አልጨመሩም። አክስቴ ፎቶውን ደረታቸው ላይ አጣብቀው ያንን አጭር ስም ጮኸው ጠሩ። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ድምፃቸው ወደ ውስጥ ገባ።

ጎረቤቱ ተሰበሰበ። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ፤ አንዷ ንፍሮ ጣደች። አባቴን በልጅነቱ የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሁሉም ግን በዚያ ስም አለቀሱለት። እኔ መሐላቸው ተቀምጬ እንባዬ እምቢ አለኝ። አራት ወር ሙሉ ያለቀስኩለትን ሰው እዚህ በሌላ ስም ሲያለቅሱለት ሳይ የሰው ልቅሶ የመጣሁ መሰለኝ። «አባትሽን» ሲሉኝ ሌላ ሰው የሚሉ ይመስለኝ ነበር። ኋላ አክስቴ እያለቀሱ፣ «ሲናደድ ጆሮውን የሚጎትተው ወንድሜ፣ ቀኝ ጆሮውን የሚያቀላው ወንድሜ» አሉ። አባቴ ያደርገው ነበር። የመኪና ብሎን እምቢ ሲለው፣ እኔ ሳኮርፍበት፣ ዜና ሲያበሳጨው፣ ቀኝ ጆሮውን ይዞ ይጎትታል። ያኔ እኔም አለቀስኩ።

በማግስቱ ሰው ቀለል ሲል «እማሆይ፣ ይንገሩኝ» አልኳቸው።

«መጀመሪያ አንቱታውን ተይው። የወንድሜ ልጅ አንቱ ስትለኝ ሆዴ ይባባል» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አንቺ እላታለሁ።

ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ነበሩ፤ እሷ መካከለኛ ናት። ጎንደር ያሉት አጎታቸው ታላቁን ልጅ ላኩልኝ፣ ተማሪ ቤት አስገባዋለሁ ብለው ላኩ። ልብስ ተሰፋለት። ሊሄድ አንድ ሳምንት ሲቀረው በተስቦ ተያዘና ሞተ። አጎታቸው የላኩት ሰው በቅሎ እየሳበ የደረሰው በተቀበረ በሦስተኛው ቀን ነው።

«እናቴ ቤት ያለውን ሰው ሁሉ ዝም አሰኘች» አለች አክስቴ። «‹ያለቀሰ ከቤቴ ይውጣ› አለች። ትንሹን አጠበችው፣ የታላቁን ልብስ አለበሰችው። እጅጌው ሰፍቶት ሁለት ጊዜ አጠፈችለት። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ፣ ‹ከዛሬ ጀምሮ ስምህ ይኸ ነው። አጎትህ ሲጠራህ አቤት በል› አለችው። እኔ ግን በዚያ ስም ጠርቼው አላውቅም፤ ስሙ ሲነሣ የሚታየኝ ሟቹ ነው።»

«ምነው እውነቱን አልተናገረችም? አጎቱ ትንሹንም ይወስዱት ነበር እኮ።»

«አጎታችን ‹ትንሹ ገና ነው፣ ኋላ ይመጣል› ብሎ ነበር። በዚያ ዓመት ገብሱን ውርጭ መትቶት ነበር። ‹እዚህ ከቀረ ይሞትብኛል› አለች። ያንዱን ሬሳ አሁን አውጥታ! እኔ ከጓዳ ሆኜ አፌን በነጠላ ይዤ አለቀስኩ። በቅሎዋ ላይ ሲያስቀምጡት እኔን እያየ ነበር።»

አጎቱ እውነቱን ያውቁ እንደነበር ጠየቅኳት። «ኋላ ዐውቋል ይላሉ» አለች። «ግን አልተናገረም። ደግ ሰው ነበር።»

አባቴ ወደ ትውልድ አገሩ የተመለሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እናቱ ስትሞት። ጎልማሳ ሆኖ፣ በኮትና በቆዳ ጫማ መጣ። «ስሙን ስንጠራው አይዞርም ነበር» አለች። «ሁለት ሦስት ጊዜ ጠርተነው ነው የሚሰማ። ሰው ሁሉ ‹ኮራብን› አለ። እኔ ግን እንዳልኮራ ዐውቄአለሁ። ስሙን ረስቶት ነው።» የታላቅ ወንድሙን መቃብር አሳዩኝ ብሎ ብዙ ቆመ። በሦስተኛው ቀን ሄደ። ከዚያ በኋላ በሾፌሮች እጅ ጨው፣ ስኳር፣ አንድ ጊዜም ብርድ ልብስ ላከላት። ሾፌሮቹ ሲቀየሩ መልእክቱም ቀረ። ቅሬታ አልነበራትም፤ በሕይወት እንዳለ ግን ታስብ ነበር። ጧት ጧት ስትጸልይ ከሕያዋን ጋራ ነበር የምታስበው።

«የክርስትና ስሙስ?» አልኳት።

«እንዴት ይጠፋኛል!» አለችና አንድ ስም ነገረችኝ። ጽፌ ያዝኩት። በማግስቱ ጠዋት ግን ያንኑ ስም ለታላቁ ሰጥታ ለአባቴ ሌላ ስም ነገረችኝ። ትናንት ያለችውን ሳስታውሳት ግራ ገባት። «አንዱ ያንደኛው ነው፣ አንዱ የሌላኛው» አለች። «ክርስትና ሲነሡ እኔ ልጅ ነኝ። ታላቄ ሲጠመቅማ አልተወለድኩም።» የክርስትና አባቶቻቸው ሞተዋል። እናታቸው ሞታለች።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድን። ቄሰ ገበዙ ወጣት ናቸው፤ መዝገቡን ያወጡልን በጨርቅ ተጠቅልሎ ነው። ጣራው አንድ ክረምት አፍስሶበት ገጾቹ ተላቅቀው ነበር፤ አንድ ሰው መልሶ ሰፍቷቸዋል፣ ግን በቅደም ተከተል አይደለም። ዘመን የተጻፈበትን ጠርዝ ውሃ በልቶታል። ቄሰ ገበዙ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። የተጠማቂው የክርስትና ስምና የአባቱ ስም ብቻ ነው የተጻፈው፤ ቤት የሚጠራበት ስም የለም።

የአያቴን ስም ሁለት ቦታ አገኘነው። በአንዱ ገጽ ከአንደኛው የክርስትና ስም ጋር፣ በሌላው ገጽ ከሁለተኛው ጋር። አንዱ ላይ የአያቴ ስም በእሳቱ ሰ ነው። ሌላው ላይ በንጉሡ ሠ ነው።

«ይኸ ነው፣ አባ» አልኩ ንጉሡን ሠ እያሳየሁ። «አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ‹በንጉሡ ሠ ነው› ይል ነበር። ይኸኛው የሱ ነው።»

ቄሰ ገበዙ ሁለቱን ገጾች አስተያዩ። «ልጄ፣ ሁለት ሰው ነው የጻፈው» አሉኝ። «ቀለሙንም እጁንም እይው። አንዱ ጸሐፊ ንጉሡን ይወዳል፣ አንዱ እሳቱን ይወዳል። ልጆቹን አይለይልሽም። አባትሽስ ይኸን መዝገብ አይቶት ያውቃል?»

አላየውም። በበቅሎ ሲሄድ ፊደል አልቆጠረም። ንጉሡን ሠ ያስተማሩት አጎቱ ናቸው፤ የወንድማቸውን ስም እሳቸው በሚጽፉበት ፊደል ነው ያስተማሩት። ይኸን ሁሉ እያወቅኩ ጣቴን ከፊደሉ ላይ ማንሣት አቃተኝ። በመሥሪያ ቤቴ እንደኔ ያለ ባለጉዳይ ይኸን ይዞ ቢመጣ «ማስረጃ አይሆንም» ብዬ እመልሰው ነበር።

ጎንደር ስመለስ ለወንድሜ ደወልኩለት። እስከ መጨረሻው ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ከዚያ፣ «እኔ የማውቀው አንድ አባት ነው» አለ። «ስሙም መታወቂያዬ ላይ አለ። ልጆቼ በሱ ይጠራሉ። አሁን የሞተ ሕፃን ስም ነው ልትይኝ ነው?»

«ስምህን ለውጥ አላልኩህም።»

«እንግዲያስ ለምን ነገርሽኝ?»

ስልኩን ዘጋው። ለሁለት ወር ያህል የተነጋገርነው ስለ ሌላ ነገር ብቻ ነበር።

ለቄሱ ሁለቱንም ስሞች በወረቀት ጽፌ ወሰድኩላቸው፤ ታሪኩንም ነገርኳቸው። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። «አንድ ነፍስ በአንድ ስም ነው የሚጠራ» አሉኝ መጀመሪያ። ቀጥለውም፣ «ያኛው ሕፃን ተዝካር ተደርጎለታል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ለቅሶም በወጉ አልተለቀሰለትም።»

«እንግዲያስ ሁለቱንም እጠራለሁ» አሉና ወረቀቱን መጽሐፋቸው ውስጥ አኖሩት።

ሙት ዓመቱ ሐምሌ ላይ ሲደርስ አክስቴን አመጣኋት። ጎንደርን አይታ አታውቅም ነበር። ወንድሜም ከሳንጃ መጣ። ቤት ሲገባ ፊቱ ቆጣ ብሎ ነበር፤ ጨብጧት ከርቀት ተቀመጠ። እሷ ግን ዓይኗ በደንብ ስለማያሳያት ተነሥታ ሄዳ ፊቱን በእጇ ዳሰሰችው፤ ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ ጆሮውን። «የእናቴ አፍንጫ ከዚህም አለ» አለች። ወንድሜ ተነሥቶ ወጣ። ጓሮ ሄጄ አገኘሁት፤ ግድግዳውን ተደግፎ ያለቅስ ነበር። አባታችን የተቀበረ ዕለት እንኳ እንዲህ አላለቀሰም።

በቤተ ክርስቲያን ቄሱ ሁለቱን ስሞች አከታትለው ጠሩ። አክስቴ ጆሮዋ ከሩቅ ስለማይሰማ እኔ ደገምኩላት። ራሷን ነቀነቀች። የትኛው የማን እንደሆነ አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳት።

አክስቴን መልሶ የወሰዳት ወንድሜ ነው፤ «እኔ አደርሳታለሁ» አለ። በሁለተኛው ቀን ከዚያው ሆኖ ደወለልኝ። ነፋሱ ድምፁን ይቆርጠው ነበር።

«መቃብሩን አሳየችኝ» አለኝ። «የታላቅየውን። ምልክት የለውም፤ ሣር ብቻ ነው። ከዳባት ድንጋይ ጠራቢ አምጥቼ ላሠራለት ነበር።»

«ሸጋ ነው። አሠራለት።»

«ምን ብዬ ላስጽፍ?» አለኝ። «ስሙ ጎንደር አባታችን መቃብር ላይ ተጽፎ አለ።»

ነፋሱ ብቻ ይሰማኝ ነበር። ቆይቶ «እሺ፣ እናስብበት» ብሎ ዘጋው።

በመጨረሻ ድንጋዩን ምንም ሳያስጽፍበት አቆመው። አክስቴ አልተከፋችም። ማንበብ አትችልም፤ ቦታውን ግን ታውቀዋለች። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስትወጣ በዚያ በኩል ዞራ እንደምትሄድ ቄሰ ገበዙ በስልክ ነግረውኛል።